መጠነ ምረቃና መጠነ ዝውውር በመንግሥት ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች፤ አለካኩና አተረጓጐሙ

መግቢያ

አንድ ኮሌጅ ከተቀበላቸው ተማሪዎች መካከል ስንቶቹን ለምረቃ እንዳበቃ መጠየቅ ተገቢ ነው። ተማሪው ዕድሜውን፣ ወላጅ ጥሪቱን፣ መንግሥት በጀቱን የሚያፈስበት ተቋም ምን ፍሬ እንዳፈራ ማወቅ የሁሉም መብት ነውና። ይሁን እንጂ ጥያቄው የቀለለውን ያህል መልሱ ቀላል አይደለም። «ከገቡት 100 ተማሪዎች የተመረቁት 30 ብቻ ናቸው» ተብሎ ሲነገር ሰሚው ወዲያውኑ 70ዎቹን እንደ ወደቁ ይቆጥራቸዋል። ነገር ግን ከ70ዎቹ አንዳንዱ ወደ ሌላ ተቋም ተዛውሮ ተመርቆ ይሆናል፤ አንዳንዱ ገና በመማር ላይ ይገኛል፤ ሌላው ሥራ አግኝቶ ለጊዜው አቋርጧል፤ ከፊሉም በእርግጥ ትምህርቱን ትቶ ቀርቷል። የእነዚህ ሁሉ ዕጣ የተለያየ ሆኖ ሳለ በአንድ ቁጥር ውስጥ ሲጠቃለሉ እንደ አንድ ይታያሉ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመጠነ ምረቃና የመጠነ ዝውውር ስሌት እንዴት እንደሚሠራ፣ ቁጥሮቹ ምን እንደሚናገሩና ምን እንደሚሰውሩ ማስረዳት ነው። ለማብራሪያ የተመረጡት የዩናይትድ ስቴትስ የመንግሥት ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ናቸው። ይህም የሆነበት ምክንያት በዚያች ሀገር ከኮሌጅ ወደ ዩኒቨርሲቲ መዛወር የሥርዓቱ አካል በመሆኑና የምረቃ ቁጥርን መግለጽ በሕግ ከተደነገገ ከሠላሳ ዓመት በላይ በመቆጠሩ፣ የአለካኩ ጥቅምም ጉድለትም በግልጽ ስለሚታይ ነው። በመጨረሻም ከዚያ ልምድ የሚገኘው ትምህርት ከኢትዮጵያ ሁኔታ ጋር ተገናዝቦ ይቀርባል። በጽሑፉ ውስጥ የአሜሪካን ጉዳይ የሚመለከቱ ዓመታት በአውሮፓውያን፣ የኢትዮጵያን የሚመለከቱት ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ሀ. የስሌቱ መሠረት

መጠነ ምረቃ በመሠረቱ ክፍልፋይ ነው። ላዕሉ የተመረቁት ቁጥር፣ ታሕቱ ደግሞ የገቡት ቁጥር ነው። ብዙ ክርክር የሚነሣው በላዕሉ ምክንያት ይመስላል፤ በእርግጥ ግን የውጤቱን ትርጉም የሚወስነው በአብዛኛው ታሕቱ ነው። ስለዚህ ማንኛውም መጠነ ምረቃ ከመነገሩ በፊት ሦስት ጥያቄዎች መመለስ ይኖርባቸዋል። አንደኛ፣ በታሕቱ የሚቆጠሩት እነማን ናቸው? ሁለተኛ፣ እስከ ስንት ዓመት ድረስ ይጠበቃሉ? ሦስተኛ፣ «ተመረቀ» የሚባለው ምን ሲፈጸም ነው?

በየመሥሪያ ቤቱ ዘወትር የሚታየው ስሕተት የዘንድሮን ተመራቂዎች ለዘንድሮ ገቢዎች ማካፈል ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ የአራት ዓመት ኮሌጅ ከአራት ዓመት በፊት 500 ተማሪዎችን ተቀብሎ ከእነርሱ 400ውን ዘንድሮ አስመረቀ እንበል። በዚሁ ዓመት አዲስ የተቀበላቸው ተማሪዎች ቁጥር 1,000 ቢሆን 400ን ለ1,000 ያካፈለ ሰው መጠነ ምረቃው 40 ከመቶ ነው ይላል። 400ን ለ500 ያካፈለው ግን 80 ከመቶ ያገኛል። በአንጻሩ የኮሌጁ ቅበላ ዘንድሮ ወደ 400 ዝቅ ቢል የፊተኛው ስሌት 100 ከመቶ ያሳያል፤ ኮሌጁ ግን አንድም የጨመረው ትጋት የለም። ከዚህ የተነሣ ትክክለኛው አካሄድ በአንድ ዘመን አብረው የገቡትን፣ ተማሪዎች ራሳቸው «ባች» የሚሉትን፣ በስም ዝርዝር ይዞ እስከ መጨረሻው መከተል ነው። አንድ ጊዜ የተያዘው የስም ዝርዝር በኋላ የማይጨመርበትና ያለ በቂ ምክንያት የማይቀነስበት መሆን አለበት።

ለ. የአሜሪካው ሕግና አመጣጡ

በዩናይትድ ስቴትስ የተማሪን የማወቅ መብት የሚያስከብረው ሕግ የወጣው በ1990 ነው። ለሕጉ መነሻ የሆነው ስለ ስፖርተኞች የተነሣ ቅሬታ ነበር። ኮሌጆች ጎበዝ ተጫዋቾችን ለቡድናቸው እየመለመሉ፣ ዝና ካተረፉባቸው በኋላ ያለ ዲግሪ እንደሚያሰናብቷቸው ይነገር ነበር። ሕጉን ካመነጩት መካከል ሴናተር ቢል ብራድሌይና የሕዝብ ተወካዩ ቶም ማክሚለን ራሳቸው የቀድሞ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ነበሩ። በመጨረሻ የጸደቀው ሕግ ስፖርተኞችን ብቻ ሳይሆን የተማሪዎችን ሁሉ መጠነ ምረቃ የሚመለከት ሆነ፤ በ1997ም ከየተቋሙ አኃዙን የሚሰበስብ ሀገር አቀፍ የምረቃ ዳሰሳ ተጀመረ።

በዚህ ሕግ መሠረት በታሕቱ የሚቆጠሩት ዲግሪ ወይም ሰርቲፊኬት ፈልገው ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሌጅ የገቡና በሙሉ ጊዜ የተመዘገቡ ተማሪዎች ናቸው። የመጠበቂያው ጊዜ የመርሐ ግብሩ መደበኛ ጊዜ አንድ ተኩል እጥፍ ነው፤ ይኸውም ለአራት ዓመት ትምህርት ስድስት ዓመት፣ ለሁለት ዓመት ትምህርት ሦስት ዓመት ማለት ነው። ከስም ዝርዝሩ መቀነስ የሚፈቀደው በጥቂት ምክንያቶች ብቻ ሲሆን እነርሱም ሞት፣ ዘላቂ የአካል ጉዳት፣ የጦር አገልግሎት፣ በፌዴራል መንግሥቱ የውጭ ዕርዳታ አገልግሎት መሰማራትና ይፋዊ የሃይማኖት ተልእኮ ናቸው።

ሕጉ አንድ ትልቅ ጥቅም አስገኝቷል። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ተቋም በመሰለው መንገድ ያሰላው የነበረው ቁጥር በአንድ መለኪያ ሊነጻጸር ቻለ። እንደ ሀገሪቱ ብሔራዊ የትምህርት ስታቲስቲክስ ማዕከል መረጃ በ2014 በአራት ዓመት ተቋማት ከጀመሩት የሙሉ ጊዜ አዲስ ገቢዎች መካከል በስድስት ዓመት ውስጥ እዚያው በጀመሩበት ተቋም የተመረቁት 64 ከመቶ ያህሉ ናቸው። በሁለት ዓመት የመንግሥት ኮሌጆች ግን በሦስት ዓመት ውስጥ የሚመረቁት ከ30 ከመቶ ብዙም የማይርቁ ሆነው ቆይተዋል። ይህ ሁለተኛው ቁጥር ብዙ ወቀሳ አስከትሏል፤ ወቀሳው ግን ከፊሉ ከኮሌጆቹ ድክመት፣ ከፊሉ ከመለኪያው ባሕርይ የመጣ ነው።

ሐ. ዝውውር ያለበት ስሌት

የሁለት ዓመት የመንግሥት ኮሌጆች፣ በተለምዶ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች የሚባሉት፣ ከተቋቋሙባቸው ዓላማዎች አንዱ ተማሪዎችን ለዩኒቨርሲቲ ማብቃት ነው። በካሊፎርኒያ በ1960 በወጣው የከፍተኛ ትምህርት መሪ ዕቅድ መሠረት የክፍለ ሀገሩ ዩኒቨርሲቲ በውጤት የላቁትን 12 ከመቶ ተኩል፣ የክፍለ ሀገሩ ኮሌጆች ደግሞ የላይኛውን አንድ ሦስተኛ እንዲቀበሉ፣ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ግን በራቸውን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርጉ ተወሰነ። በዚህ በር የገባ ተማሪ ሁለት ዓመት ተምሮ ወደ ዩኒቨርሲቲ እንዲዛወር መንገዱ ተጠርጎለታል። እንግዲህ እንዲህ ያለው ተማሪ የሁለት ዓመቱን ዲግሪ ሳይቀበል በአንድ ዓመት ተኩል ቢዛወርና በዩኒቨርሲቲው ቢመረቅ፣ ለራሱም ለሀገሩም የተሳካ ነገር ነው። በኮሌጁ መጠነ ምረቃ ላይ ግን እንዳልተመረቀ ይቆጠራል። በተቀባዩ ዩኒቨርሲቲም ለመጀመሪያ ጊዜ የገባ ስላልሆነ በታሕቱ ውስጥ አይገኝም፤ ስለሆነም መመረቁ በዚያም መጠነ ምረቃ አይታይም። አንዱ ዘንድ ጉድለት ሆኖ ተመዘገበ፤ ሌላው ዘንድ ጨርሶ አልተመዘገበም።

ከስሌቱ ውጭ የሚቀሩት ተዛዋሪዎች ብቻ አይደሉም። በትርፍ ጊዜ የሚማሩም ሁሉ በዚህ መጠን አይቆጠሩም። በዋሽንግተን ከተማ ዙሪያ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ የከፍተኛ ትምህርታቸውን የሚጀምሩት በአካባቢው ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች ነው። ቀን ሠርቶ ማታ ሁለት ትምህርት የሚወስድ ሰው በስድስትና በሰባት ዓመት ቢመረቅ ለቤተሰቡ ታላቅ ደስታ ነው፤ በዋናው የምረቃ መጠን ውስጥ ግን በተመራቂነትም ሆነ ባለመመረቅ ስሙ አይገኝም።

ጉዳዩን በቁጥር ለማየት የሚከተለውን ምናባዊ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። አንድ የሁለት ዓመት ኮሌጅ በአንድ መስከረም 1,000 አዳዲስ ተማሪዎችን መዘገበ እንበል። ከእነዚህ 250ው የትርፍ ጊዜ ተማሪዎች፣ 150ው ከሌላ ኮሌጅ ክሬዲት ይዘው የመጡ፣ 600ው ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ የገቡ የሙሉ ጊዜ ተማሪዎች ናቸው። በሕጉ መሠረት በታሕቱ የሚቆጠሩት እነዚህ 600 ብቻ ናቸው። ሦስት ዓመት ሲሞላ የ600ው ሁኔታ እንዲህ ሆነ።

1. የተመረቁ፤ 150 (ከእነዚህ 90ው ከምረቃ በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተዛውረዋል)
2. ሳይመረቁ ወደ ሌላ ተቋም የተዛወሩ፤ 180
3. በኮሌጁ ገና በመማር ላይ ያሉ፤ 60
4. በየትም ተቋም የማይገኙ፤ 210

መጠነ ምረቃው 150 ለ600 ወይም 25 ከመቶ ነው። ይህን ቁጥር ብቻ የሰማ ሰው ከአራት ተማሪዎች ሦስቱ እንደ ባከኑ ይደመድማል። በእርግጥ የት እንደ ደረሱ የማይታወቁት ግን 210፣ ማለትም 35 ከመቶ ናቸው። ከ35 ከመቶ የሚቀረው 65 ከመቶ ወይ ተመርቋል፣ ወይ ተዛውሯል፣ ወይ በመማር ላይ ነው።

መጠነ ዝውውሩስ ስንት ነው? ለዚህ ጥያቄ ሦስት የተለያዩ ትክክለኛ መልሶች አሉ። ሳይመረቁ የተዛወሩትን ብቻ የቆጠረ 180ን ለ600 አካፍሎ 30 ከመቶ ያገኛል፤ የፌዴራሉ ዳሰሳ የሚከተለው ይህን ነው፤ ተመርቆ የተዛወረ ሰው በተመራቂነት አንድ ጊዜ ብቻ ስለሚቆጠር። ተመርቀው የተዛወሩትን 90 የጨመረ ግን 270ን ለ600 አካፍሎ 45 ከመቶ ያገኛል። ሦስተኛው ደግሞ ታሕቱን ይለውጣል። በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት አርተር ኮኸን በ1989 በጀመሩት ጥናት በታሕቱ ያስቀመጡት በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ቢያንስ 12 ክሬዲት ያጠናቀቁትን ብቻ ነበር፤ ምክንያቱም ጥቂት ትምህርት ለመቅመስ ገብቶ የወጣውን ሰው ሁሉ ለመዛወር እንዳሰበ መቁጠር ተገቢ ሆኖ አልታያቸውም። በምሳሌው ኮሌጅ ከ600ው 12 ክሬዲት የጨረሱት 450 ቢሆኑና የተዛወሩት ሁሉ ከእነርሱ መካከል ቢሆኑ፣ 270 ለ450 ሲካፈል 60 ከመቶ ይሆናል። እንግዲህ 30፣ 45 እና 60 ከመቶ የአንድ ኮሌጅ፣ የአንድ ዘመን ገቢዎች ውጤቶች ናቸው። ሦስቱም ሐሰት አይደሉም፤ ትርጓሜያቸው ሳይገለጽ ጎን ለጎን ማወዳደር ግን ያሳስታል።

መ. ተቋሙን ከመከተል ተማሪውን ወደ መከተል

ችግሩ እየታወቀ ሲሄድ መፍትሔ ሆኖ የቀረበው ተማሪውን ከተቋም ወደ ተቋም መከተል ነው። ይህን በሰፊው የሚሠራው ናሽናል ስቱደንት ክሊሪንግሃውስ የተባለው ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ነው። ድርጅቱ በ1993 ሲመሠረት ሥራው የትምህርት ብድር የወሰዱ ተማሪዎች በትምህርት ላይ መሆናቸውን ለአበዳሪዎች ማረጋገጥ ነበር። ለዚህ ሲባል ኮሌጆች የተመዝጋቢዎቻቸውን ዝርዝር ዘወትር ይልኩለት ስለ ነበር፣ ውሎ አድሮ አንድ ተማሪ በየትኛው ክፍለ ሀገርና በየትኛው ኮሌጅ እንዳለ ማየት የሚያስችል መዝገብ ሆነ። በአንጻሩ የፌዴራሉ መንግሥት ራሱ የእያንዳንዱን ተማሪ መረጃ የያዘ ሀገር አቀፍ መዝገብ እንዳያቋቁም በ2008 የወጣ ሕግ ከልክሎታል፤ የግል ምስጢር መጠበቅ ከክርክሩ ምክንያቶች ዋነኛው ነበር።

በዚህ መዝገብ መሠረት በቅርብ ዓመታት በሁለት ዓመትም በአራት ዓመትም ተቋማት፣ በሙሉ ጊዜም በትርፍ ጊዜም ከጀመሩት ተማሪዎች መካከል በስድስት ዓመት ውስጥ በየትኛውም ተቋም ትምህርታቸውን ያጠናቀቁት 61 ወይም 62 ከመቶ ያህሉ ናቸው። ይህ አኃዝ ከላይ ከተጠቀሰው 64 ከመቶ ጋር መቀራረቡ ማሳሳት የለበትም። የፊተኛው የአራት ዓመት ተቋማት የሙሉ ጊዜ ተማሪዎችን ብቻ ይዞ በሌላ ተቋም የጨረሱትን የሚተው ሲሆን፣ የኋለኛው ሁሉንም ይዞ የትም የጨረሱትን ይቆጥራል። ሁለት የተለያዩ ሚዛኖች ተቀራራቢ ክብደት ማሳየታቸው አንድ ዕቃ መመዘኑን አያረጋግጥም።

ተማሪውን መከተል የሚያስገኘው የምሥራች ብቻ እንዳልሆነም ሊጤን ይገባል። የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ጥናት ማዕከል፣ አስፐን ተቋምና ክሊሪንግሃውሱ በ2016 በጋራ ባወጡት ጥናት፣ በ2007 በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከጀመሩት ተማሪዎች ወደ አራት ዓመት ተቋም የተዛወሩት 33 ከመቶ፣ በስድስት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ ዲግሪ ያገኙት ግን 14 ከመቶ ብቻ ሆነው ተገኝተዋል። ስለዚህ ዝውውር በራሱ ግብ አይደለም። ተማሪውን ያዛወረው ኮሌጅ «ሥራዬን ፈጽሜአለሁ» ሊል አይችልም፤ የተቀበለውም ዩኒቨርሲቲ «እኔ አላስጀመርሁትም» ብሎ ሊያመልጥ አይገባም።

ለዚህ ውጤት አንዱ ምክንያት በዝውውር ጊዜ የሚጠፋው ክሬዲት ነው። የአሜሪካ መንግሥት የተጠያቂነት መሥሪያ ቤት በ2017 ባወጣው ሪፖርት ከ2004 እስከ 2009 የተዛወሩ ተማሪዎች በአማካይ ከክሬዲታቸው 43 ከመቶ ያህሉን እንዳጡ ገምቷል፤ ከመንግሥት ተቋም ወደ መንግሥት ተቋም የተዛወሩት እንኳ ያጡት 37 ከመቶ ያህል ነበር። አንድ ጊዜ የተማረውን ትምህርት ደግሞ እንዲወስድ የሚገደድ ተማሪ ጊዜውንም ገንዘቡንም ያባክናል፤ ተስፋ ቆርጦ የሚቀርም አለ።

የፌዴራሉ ዳሰሳም ቢሆን ከትችቱ ተምሯል። ከ2015–16 ጀምሮ በተጨመረው የውጤት መለኪያ ተማሪዎች በአራት ተከፍለው ይቆጠራሉ፤ ይኸውም ለመጀመሪያ ጊዜ የገቡ የሙሉ ጊዜ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የገቡ የትርፍ ጊዜ፣ ከሌላ ተቋም የመጡ የሙሉ ጊዜና ከሌላ ተቋም የመጡ የትርፍ ጊዜ ተማሪዎች ናቸው። የሚጠበቁትም እስከ ስምንት ዓመት ነው። በዚህ ዓይነት ቀድሞ ከታሕቱ ውጭ የነበሩት ተዛዋሪዎችና ሠራተኛ ተማሪዎች በቁጥሩ ውስጥ ቦታ አገኙ።

ሠ. ቁጥሩ በጀት ሲወስን

መጠነ ምረቃ ለመረጃ ብቻ በሚውልበት ጊዜ ስሕተቱ አሳሳች ነው፤ በጀት በሚከፈልበት ጊዜ ግን ጎጂ ይሆናል። ተመራቂ ለመቶ ያህል ብቻ የሚታይ ከሆነ ኮሌጁ ቁጥሩን ከፍ ለማድረግ ሁለት አቋራጭ መንገዶች አሉት። አንደኛው ደካማ ዝግጅት ያላቸውን፣ ድኾችንና ሠራተኞችን በመግቢያው ላይ መመለስ ነው፤ ታሕቱን መምረጥ ማለት ነው። ሁለተኛው መስፈርቱን ዝቅ አድርጎ ማስመረቅ ነው። በሁለቱም መንገድ ቁጥሩ ያድጋል፤ ትምህርቱ ግን አያድግም።

የቴነሲ ክፍለ ሀገር ልምድ በዚህ ረገድ ተጠቃሽ ነው። ክፍለ ሀገሩ የበጀቱን ጥቂት ክፍል ከውጤት ጋር ማያያዝ የጀመረው በ1979 ሲሆን፣ በ2010 በወጣው ሕግ የመንግሥት ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ድጎማ በአብዛኛው በውጤት እንዲወሰን አድርጓል። ይሁን እንጂ ቀመሩ ምረቃን ብቻ አልያዘም። ተማሪዎች በየደረጃው የሚያጠናቅቁት ክሬዲት ይቆጠራል፤ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ 12 ክሬዲት አስጨርሶ ያዛወረው ተማሪም እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ውጤት ይመዘገብለታል፤ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸውንና በዕድሜ የገፉ ተማሪዎችን ላበቃ ተቋም ተጨማሪ ክብደት ይሰጣል። የመጨረሻው ድንጋጌ ዓላማ ግልጽ ነው፤ ተቋማት አስቸጋሪውን ተማሪ ከመቀበል እንዳይሸሹ ለማድረግ ነው።

ረ. በኢትዮጵያ ሁኔታ

በኢትዮጵያ ተማሪዎች ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚገቡት በአብዛኛው በማዕከላዊ ምደባ በመሆኑ የዝውውር ነገር አነስተኛ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን የቅርብ ዓመታት ሁኔታዎች የስሌቱን ሦስት ጥያቄዎች ሁሉ በአንድነት አስነሥተዋል።

ስለ ጊዜ ሲታይ፣ በ2012 ዓ.ም የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት እንደገና ሲጀመር ብዙ የሦስት ዓመት መርሐ ግብሮች አራት ዓመት ሆነዋል። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ዩኒቨርሲቲዎች በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት ተዘግተው ተማሪዎች ወደየቤታቸው ተመለሱ። ስለዚህ የእነዚያ ዓመታት ገቢዎች «በጊዜው አልተመረቁም» ቢባል ጊዜው ራሱ መቋረጡ አብሮ ሊነገር ይገባል።

ስለ ታሕቱ ሲታይ፣ በ2014 ዓ.ም የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈታኞች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ የማካካሻ ትምህርት መርሐ ግብር ተዘርግቷል። የማካካሻ ተማሪ በዩኒቨርሲቲው ግቢ ይኖራል፣ ይማራል፣ በጀትም ይወጣበታል። እንግዲህ «የገባ» የሚባለው የማካካሻው ትምህርት ሲጀምር ነው ወይስ አልፎ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ሲሆን? አንዱ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው፣ ሌላው በሁለተኛው መንገድ ቢቆጥር የሁለቱ መጠነ ምረቃ ሊነጻጸር አይችልም።

ስለ ላዕሉ ሲታይ፣ በ2015 ዓ.ም የመውጫ ፈተና ሲጀመር «ተመረቀ» የሚለው ቃል ትርጉሙ ተለውጧል። ቀድሞ የሚፈለግበትን ክሬዲትና ነጥብ ያሟላ ተማሪ ይመረቅ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ፈተናውን ማለፍም ይጠበቅበታል። ስለሆነም ከ2015 በፊት የነበረውን መጠን ከ2015 በኋላ ካለው ጋር በአንድ መስመር ስሎ «ወረደ» ማለት ሁለት ነገሮችን ማደባለቅ ይሆናል። በሐምሌ 2015 ዓ.ም ፈተናውን ከወሰዱት ከ150 ሺህ በላይ ተማሪዎች ያለፉት 61 ሺህ ገደማ፣ ማለትም 41 ከመቶ ያህሉ ነበሩ፤ በመንግሥት ተቋማት ያለፉት 62 ከመቶ፣ በግል ተቋማት 17 ከመቶ ያህል ነበሩ። እነዚህ አኃዞች የማለፊያ መጠን እንጂ መጠነ ምረቃ አይደሉም። ታሕታቸው ለፈተና የቀረቡት እንጂ ከዓመታት በፊት የገቡት አይደሉም፤ በመንገድ ያቋረጠው በውስጣቸው የለም። ከተፈተኑት መካከል ያላለፈውም ደግሞ ተፈትኖ ሊያልፍ ስለሚችል ለዘለቄታው እንዳልተመረቀ ሊቆጠር አይገባም።

ስለ ዝውውርም ቢሆን፣ በጦርነቱ ምክንያት በመቀሌ፣ በአክሱም፣ በአዲግራትና በራያ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርት ሲቋረጥ፣ ከተማሪዎቻቸው መካከል በ2014 ዓ.ም በሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተመድበው እንዲቀጥሉ የተደረጉ አሉ። እነዚህ ተማሪዎች በጀመሩበት ተቋም መዝገብ ብቻ ቢታዩ አቋራጮች ናቸው፤ በጨረሱበት ተቋም መዝገብ ብቻ ቢታዩ ደግሞ ሳይገቡ የተመረቁ ይሆናሉ። የሁለቱን መዝገብ የሚያገናኝ ካልተገኘ የእነዚህ ወጣቶች ጽናት በስታቲስቲክስ ላይ እንደ ብክነት ተጽፎ ይቀራል።

ከዚህም በላይ በየዓመቱ የሚያጋጥም የዳግም ቅበላ ጉዳይ አለ። በውጤት ማነስ ተሰናብቶ ወይም በሕመም አቋርጦ በዓመቱ የሚመለስ ተማሪ ከታች ከሚመጣው ባች ጋር ይቀጥላል። ሲመረቅ ከአዲሱ ባች ጋር ከተቆጠረ የቀድሞው ባች መጠን ያለ አግባብ ይቀንሳል፤ የአዲሱም ያለ አግባብ ይጨምራል። ትክክለኛው ቦታው መጀመሪያ የገባበት ዘመን ዝርዝር ነው።

ሰ. ለሥራ የሚረዱ ነጥቦች

ከላይ ከተገለጸው በመነሣት የሚከተሉት ነጥቦች ለሬጅስትራር ሠራተኞችና ለዕቅድ ባለሙያዎች ይጠቅማሉ።

1. የእያንዳንዱ ዘመን ገቢዎች የስም ዝርዝር በአንድ የታወቀ ቀን፣ ለምሳሌ የትምህርት ጭማሪና ቅነሳ ጊዜ ባበቃ ዕለት፣ ይዘጋ። የማካካሻ ተማሪዎች ለብቻ ይመዝገቡ።

2. ከዝርዝሩ የሚቀነሱበት ምክንያቶች በጽሑፍ ይወሰኑ፤ ጥቂትም ይሁኑ። «ጠፋ» ወይም «አልቀረበም» በቂ ምክንያት አይደለም።

3. መጠኑ በአንድ ቁጥር ሳይሆን በአምስት መስመር ይገለጽ፤ በጊዜው የተመረቁ፣ ዘግይተው የተመረቁ፣ የተዛወሩ፣ በመማር ላይ ያሉ፣ ያሉበት ያልታወቀ። የአምስቱ ድምር ሁልጊዜ 100 ከመቶ መሆን አለበት።

4. ኮርሶቹን ጨርሶ የመውጫ ፈተና ያላለፈ ተማሪ ኮርሶቹን ካልጨረሰው ተለይቶ ይታይ። የሁለቱ ችግር የተለያየ ስለሆነ መፍትሔያቸውም ይለያያል።

5. ተማሪው ከተቋም ወደ ተቋም ሲሄድ የማይለወጥ አንድ መለያ ቁጥር ይኑረው። በ2015 ዓ.ም በወጣው አዋጅ የተደነገገው የዲጂታል መታወቂያ ለዚህ ዓላማ ሊያገለግል ይችላል። ይሁንና የግል መረጃው በጥንቃቄ መጠበቅና ለስታቲስቲክስ በድምር ብቻ መውጣት ይኖርበታል።

6. ማንኛውም መጠን ሲታተም ላዕሉና ታሕቱ በቁጥር አብረው ይጻፉ። ይህን የማይገልጽ መቶኛ ለውሳኔ መቅረብ የለበትም።

ማጠቃለያ

መጠነ ምረቃ የተቋም መለኪያ ሆኖ ተፈጠረ፤ ትምህርት ግን የሰው ጉዳይ ነው። ተቋሙ የሚያየው ተማሪው በግቢው ውስጥ የቆየበትን ጊዜ ብቻ ሲሆን፣ ተማሪው ግን ከአንዱ ግቢ ወጥቶ በሌላው ይቀጥላል፣ ያቋርጣል፣ ይመለሳል። የአሜሪካ ልምድ የሚያስተምረው ዋና ነገር ይህ ነው። እዚያ አንድ ወጥ መለኪያ በሕግ ከተደነገገ በኋላ፣ መለኪያው የዘነጋቸውን ተማሪዎች ወደ ስሌቱ ለመመለስ ሃያ አምስት ዓመት ፈጅቷል። ዛሬ መዝገቡን የሚያደራጅ ሀገር ያን ያህል ዘመን መጠበቅ አያስፈልገውም፤ ዝርዝሩን ከመነሻው በተማሪው ስም መያዝ ይችላል።

ዝርዝሩ በሚገባ ከተያዘ ሌላም ጥቅም ይገኛል። በምሳሌው ላይ የታዩት በየትም ያልተገኙ 210 ተማሪዎች ከተዛዋሪዎቹና ከዘገዩት ተለይተው በስም ይታወቃሉ። መምህሩም ሆነ ዕቅድ አውጪው ሊደርስላቸው የሚገባው ለእነርሱ ነው፤ በ75 ከመቶ ውስጥ ተደባልቀው ሳለ ግን ማን እንደሆኑ ሊያውቅ አይችልም ነበር።